መስማትም አማና ነው



ከመካከላችን የአንዱ አባት 26 ዓመት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። ልጃቸው ትንሽ ሳለ ማታ ማታ ከመድረሳ የተማረውን የሚሰሙለት እሳቸው ነበሩ። መግሪብ ሰግደው ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ፣ ልጁ ሌላ ክፍል ሆኖ ሲቀራ እንኳ «ሣ»ን እንደ «ሲን» አድርጎ ካለፋት ከዚያው ሆነው «መልሳት!» ይሉት ነበር። በዚህች ፊደል የተነሳ ስንት ጊዜ እንደተቆጡን መድረሳ የገባን ሁሉ እናውቃለን።

ያ ልጅ ዛሬ የአምስተኛ ዓመት የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ባለፈው ረመዳን ቤተሰብ ጋ ሄዶ ታናሽ እህቱ አባታቸው ፊት ተቀምጣ ስትቀራ ሰማ። ሣዋን ሁሉ ሲን እያደረገች አለፈች። አባት ራሳቸውን እየነቀነቁ «ማሻአላህ» አሏት። ወንድማችን መጀመሪያ የመሰለው ለልጅቷ የራሩላት ነበር። ቆይቶ ነው የገባው፤ ልዩነቱን አልሰሙትም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተገለጠለት። አባቱ ቴሌቪዥን ለምን ቤቱ እስኪናወጥ እንደሚከፍቱ፣ ለቅሶ ቤትና ሠርግ ላይ ለምን ዝም እንደሚሉ፣ ጎረቤት ሰላም ሲላቸው ለምን እንደሚያልፉት ገባው። ሰፈር ውስጥ «ኮሩ» ተብሎላቸዋል። ሰው ሲስቅ አብረው ይስቃሉ፤ የተባለውን ግን አያውቁትም። ጁሙዓ ቀድመው ሄደው የመጀመሪያው ሶፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከኹጥባው ግን የሚይዙት ቁርጥራጩን ነው።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ለእኚህ አባት ለማዘን ብቻ አይደለም። የእሳቸው መስማት የጠፋው በእርጅና ብቻ አለመሆኑን ስለምናውቅ ነው። የጠፋበት ምክንያት የሚለካ ነው፣ የሚሰላ ነው፣ የሚቀነስም ነው። የሚለካው፣ የሚያሰላውና የሚቀንሰው ደግሞ ኢንጂነር ነው። ማለትም እኛ ነን። እኛም በዚህ ጉዳይ ንጹሖች አይደለንም። ከዚህ በታች እንደምንናገረው፣ ገና ሳንመረቅ አንድ የማይገባ ወረቀት ላይ ፈርመናል።

ጆሮ እንዴት ይጎዳል?

ድምፅ የጆሮ ታምቡርን መትቶ፣ በሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አልፎ፣ ቀንድ አውጣ ወደሚመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ይገባል። እዚያ በአንድ ጆሮ ውስጥ 15,000 ገደማ ፀጉር መሳይ ሕዋሳት አሉ። ንዝረቱን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። ከባድ ድምፅ ሲደበድባቸው መጀመሪያ ይደክማሉ። ሠራተኛው ከሽፍት ሲወጣ ጆሮው ድፍን ይልበታል፣ ይጮኽበታል፤ አድሮ ሲነሳ ደግሞ የተሻለው ይመስለዋል። ይህ ለወራትና ለዓመታት ሲደጋገም ግን ሕዋሳቱ ይሞታሉ። ወፎች የሞተውን ሕዋስ መልሰው ያበቅላሉ፤ የሰው ልጅ ግን አያበቅልም። የሞተው ሞቷል። የመስሚያ መሣሪያ ድምፅ ያጎላ ይሆናል እንጂ የሞተውን ሕዋስ አይመልስም።

ቀድመው የሚሞቱት ቀጭን ድምፆችን፣ በተለይ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን የሚቀበሉት ናቸው። ስለዚህ ሰውዬው አንድ ቀን ድንገት አይደነቁርም። የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ የበር መንኳኳት ይሰማል፣ የሚያወራው ሰው ድምፅም ይሰማዋል። የሚጠፉበት እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ቸ ያሉት ፊደሎች ናቸው። «ሰማ» እና «ሸማ» አንድ ይሆኑበታል። ቁርኣን ለሚቀራ ሰው ደግሞ ሲን፣ ሣና ፋ ይደበላለቁበታል። «ይሰማኛል፤ ግን አይገባኝም» የሚል የፋብሪካ ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ግትር ሰው እንዳይመስላችሁ፤ በትክክል የደረሰበትን ነው የሚናገረው።

አንዳንዱ ደግሞ ከመስማቱ መቀነስ ይልቅ የሚያስጨንቀው ጩኸቱ ነው። በእኛ አገር ጆሮ ሲጮኽ ሰው ስሜን አነሳ ይባላል። የእነዚህ ሰዎች ጆሮ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ቤቱ ጸጥ ባለ ቁጥር ይብስባቸዋል። ሱጁድ ላይ፣ ዓለም ሁሉ ዝም ባለበት ሰዓት፣ የሽመና ማሽኑ ጆሯቸው ውስጥ ይሠራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ዴሲቤል እንደ ኪሎና እንደ ሜትር በቀጥታ አይቆጠርም። 3 ዴሲቤል ሲጨምር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል። ናዮሽ በሚል ስም የሚታወቀው የአሜሪካ የሙያ ደኅንነትና ጤና ተቋም አንድ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ሥራ ውስጥ በአማካይ ከ85 ዴሲቤል በላይ እንዳይጋለጥ ይመክራል። ድምፁ 88 ከሆነ የሚፈቀደው ጊዜ 4 ሰዓት ነው፤ 91 ከሆነ 2 ሰዓት፤ 94 ከሆነ 1 ሰዓት፤ 97 ከሆነ ግማሽ ሰዓት፤ 100 ከሆነ 15 ደቂቃ። ስለዚህ 97 ዴሲቤል ባለበት አዳራሽ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሥራ የጀመረ ሰው የቀን ድርሻውን 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሷል። ቀሪውን ቀን ሁሉ የሚከፍለው ከጆሮው ነው። በስምንት ሰዓት ውስጥ ከሚመከረው 16 እጥፍ ይወስዳል። «85 እና 97 በመካከላቸው 12 ብቻ ነው ልዩነቱ» የሚል አለቃ ካጋጠማችሁ ይህን ስሌት አሳዩት።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ከ300 ዓመት በፊት ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፉ፣ ቀኑን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጡ የሚውሉ የቬኒስ አንጥረኞች እየደነቆሩ እንደሚሄዱ መዝግቧል። በ1886 እ.ኤ.አ. ቶማስ ባር የተባለ የግላስጎው የጆሮ ሐኪም 100 የቦይለር ሠራተኞችን መርምሮ ጤነኛ መስማት ያለው አንድም ሰው አላገኘም። በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስኮትላንድ ደንዲ ከተማ ወደ 100 ዴሲቤል በሚደርስ ድምፅ ውስጥ ጁት ሲሸምኑ የኖሩ ሴቶች ተጠንተው፣ የሠሩበት ዘመን በረዘመ ቁጥር መስማታቸው እንደቀነሰ ታወቀ። የሽመና ማሽን በአገራችን ሲተከል ይህ እውቀት ከፊሉ ተጽፎ ያለቀ ነበር። ስለዚህ «አናውቅም ነበር» የሚለው ምክንያት ለማንም አይሠራም፤ ለእኛ ለተማርነው ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

የፈረምንበት ወረቀት

ባለፈው ዓመት አራታችን ለኢንተርንሺፕ አንድ ፋብሪካ ተመደብን። ስሙን አንጠቅስም፤ አንባቢ «ይህ የእነሱ ችግር ነው» ብሎ እንዲያልፈው አንፈልግምና። የሽመና ክፍሉ በር ሲከፈት ድምፁ ከጆሮ አልፎ ደረት ይመታል። ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት በከንፈርና በእጅ ምልክት ነው። ጥቂቶቹ ከወለሉ ያነሱትን ጥጥ ጠቅልለው ጆሯቸው ውስጥ ወትፈዋል። ተራ ጥጥ ከእንዲህ ያለ ድምፅ ብዙም እንደማያድን እኛ እናውቃለን፤ ለእነሱ ግን የነገራቸው የለም። እኛም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልነገርናቸውም። ማሽን ለማየት ነበር የሄድነው።

በሦስተኛው ሳምንት የክፍሉ ኃላፊ ቅጽ ሰጠን። ሙቀት፣ ብርሃንና ድምፅ የሚሞላበት ነው። መለኪያውንም ሰጠንና «ሽፍት ሲቀየር ለኩት፤ ያኔ ሥራ አታስተጓጉሉም» አለን። ለካን። በዚያ ሰዓት አብዛኛው ማሽን ቆሞ ነበር። ቁጥሩ ከ85 በታች መጣ። ጻፍነው። አራታችንም ፈረምን። ኃላፊው «ጎበዞች!» ብሎ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ አስገባው።

ዋሽተን ነበር? መለኪያው አልተበላሸም፤ የጻፍነውም ያየነውን ቁጥር ነው። ነገር ግን ያ ቁጥር ሠራተኛው ከሚውልበት ሰዓት የተወሰደ እንዳልሆነ አራታችንም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ለዙህር ውዱእ ልናደርግ ቧንቧው ጋ ተሰልፈን ሳለ፣ ከሽመና ክፍሉ የምናውቃቸው አንዲት እናት ጠጋ አሉን። «ልጆቼ፣ ትናንት በዚያች መሣሪያ የለካችሁት ምን አለ?» ብለው ጠየቁን። አንዳችን «ደኅና ነው፣ እትዬ» አላቸው። ከንፈሩን እያዩ «ምን?» አሉ። «ደኅና ነው!» አልናቸው፣ ጮክ ብለን። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሄዱ። ጆሮዋ የተጎዳን እናት፣ ጆሮዋን የሚጎዳት ነገር እንደሌለ እየጮኽን ነገርናት። ይህን ያወቅነው ሶላት ከጨረስን በኋላ ነው። አራታችንም ምሳ ላይ ምንም አልተናገርንም።

በሚቀጥለው ሳምንት ማሽኖቹ ሁሉ እየሠሩ ሳለ፣ መለኪያውን በሠራተኛው ጆሮ ቁመት ይዘን በሦስት ቦታ ደግመን ለካን። 97 አካባቢ መጣ። ሁለተኛ ወረቀት ጽፈን ለኃላፊው ሰጠነው። «የመጀመሪያው በቂ ነበር» አለ። ተቀበለን፤ ፋይል ውስጥ ሲያስገባው ግን አላየንም። የኢንተርንሺፕ ውጤታችን በእጁ ስለነበር አልተከራከርነውም። ይህም መጻፍ አለበት ብለን ነው የጻፍነው።

መድረሳ ሳለን የሐሰት ምስክርነት ከታላላቅ ወንጀሎች አንዱ መሆኑን ተምረናል። ያኔ በዓይነ ህሊናችን የሚመጣው ዳኛ ፊት ቆሞ የሚምል ሰው ነበር። ስፍርና ሚዛን የሚያጎድሉትን ቁርኣን አጥብቆ እንደሚያወግዝም ተምረናል፤ ያኔም የሚታየን ገበያ ላይ ጤፍ የሚሰፍር ነጋዴ ነበር። ዛሬ ግን ይህ ትምህርት ለእኛም እንደተነገረ ገብቶናል። የድምፅ መለኪያም ሚዛን ነው። የኢንጂነር ፊርማም ምስክርነት ነው። በተሳሳተ ሰዓት የተለካ ትክክለኛ ቁጥር የጎደለ ሚዛን ነው፤ የጎደለው ደግሞ ከደሃ ሰው ጆሮ ነው።

«ኢርፕላግ ሰጥተናቸዋል»

ስለ ጆሮ ጉዳት ስታነሱ የምትሰሙት የመጀመሪያ መልስ «ኢርፕላግ ሰጥተናቸዋል፤ እነሱ ናቸው የማያደርጉት» የሚል ነው። ይህ አባባል ሁለት ስሕተት አለበት።

አንደኛው የስሌት ነው። ማሸጊያው ላይ 30 ዴሲቤል ይቀንሳል ተብሎ የተጻፈበትን መድፈኛ አንድ ሠራተኛ በትክክል አደረገ እንበል። ከ8 ሰዓት ሽፍቱ 4 ሰዓት ብቻ ካደረገውና የቀረውን ካወለቀው፣ በአጠቃላይ የሚያገኘው ጥቅም 3 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ምክንያቱም ያወለቀባቸው ሰዓታት ብቻቸውን የጉዳቱን ግማሽ ያመጣሉ። 1 ሰዓት ብቻ ቢያወልቀውም ጥቅሙ ከ9 ዴሲቤል ገደማ አያልፍም። ያ የእኛ አዳራሽ 97 ስለነበረ ወደ 85 ለመውረድ 12 ያስፈልገዋል። ማለትም ቀኑን ሙሉ አድርጎ ለአንዲት ሰዓት ያወለቀ ሰው እንኳ አልዳነም። ሰው ደግሞ ሥራ ላይ ከአለቃው ትእዛዝ ለመስማት፣ ማሽኑ ሲበላሽ ድምፁን ለማዳመጥ ያወልቀዋል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሥራው ራሱ ያስወልቀዋል።

ሁለተኛው ስሕተት የአሰጣጥ ነው። አንድ ካርቶን ኢርፕላግ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አስፈርሞ መውሰድ «ሰጠን» አያሰኝም። የስፖንጁ መድፈኛ በንጹሕ ጣት ተጠቅልሎ ቀጥኖ፣ በሌላ እጅ የጆሮ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ተስቦ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ እስኪያብጥ ድረስ በጣት ተይዞ መቆየት አለበት። ይህን ያላሳዩት ሰው ጆሮው በር ላይ ሰክቶት ይውላል። እህቶቻችንን የሚመለከት ሌላ ነገርም አለ። ጆሮን በሙሉ የሚሸፍነው ኢርማፍ ከሒጃብ በላይ ሲደረግ ጨርቁ ክፍተት ስለሚፈጥር ድምፁ ይገባል። ሒጃብ ለምታደርግ ሠራተኛ ከሒጃቧ ሥር የሚገባው መድፈኛ ይሻላታል። በየፋብሪካው ስንት ሙስሊም እህቶች እንደሚሠሩ እያየን፣ ይህን ቀላል ነገር የሚነግራቸው ሰው አለመኖሩ የእኛ ጥፋት ጭምር ነው።

በትምህርታችን የአደጋ መከላከያ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ፣ ቀጥሎ በተሻለ መተካት፣ ከዚያ በኢንጂነሪንግ መቀነስ፣ ከዚያ የሥራ ሰዓትንና አሠራርን ማስተካከል፣ በመጨረሻ የግል መከላከያ መስጠት። እኛ ያየነው ግን ከመጨረሻው ጀምሮ እዚያው የሚያልቅ አሠራር ነው።

በኢንጂነሪንግ ምን ማድረግ ይቻላል? ብዙው ነገር እንደሚወራው ውድ አይደለም። ኩሽኔታው ያለቀ ማሽን ይጮኻል፤ ብሎኑ የላላ ሽፋን ይንጫጫል፤ ጩኸቱ ራሱ የጥገና ጥያቄ ነው። የሚያፏጭ የአየር ቧንቧ ጆሮ ይበሳል፤ ኮምፕረሰሩንም ያለ ዕረፍት ስለሚያሠራው የመብራት ሂሳብ ያስጨምራል፤ ስለዚህ መድፈኑ ለባለሀብቱም ትርፍ ነው። ኮምፕረሰሩን ከሠራተኛው ለይቶ በግድግዳ መከለል ይቻላል። ከማሽኑ እግር ሥር ንዝረት የሚቀንስ ላስቲክ ማስገባት ይቻላል። የአየር መልቀቂያዎች ላይ ድምፅ ማፈኛ ማድረግ ይቻላል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ብቻ የሆነ አዳራሽ ድምፁን መልሶ ስለሚወረውር፣ ጣሪያው ላይ ድምፅ የሚውጥ ነገር መስቀል ይረዳል። እያንዳንዱ ሥራ 3 ዴሲቤል ብቻ ቢቀንስ እንኳ ሠራተኛው በደኅና መቆየት የሚችልበትን ጊዜ እጥፍ ያደርገዋል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ግዢ ላይ የሚሠራው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ አምራች ማሽኑ በሠራተኛው መቆሚያ ላይ የሚያሰማው ድምፅ ከ70 ዴሲቤል ካለፈ መጠኑን በማሽኑ መመሪያ ላይ መጻፍ አለበት። ነገ ከመካከላችን የግዢ ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጥ ይኖራል፣ ኢንሻአላህ። ዋጋን፣ ፍጥነትንና መለዋወጫን ሲጠይቅ ይህችን አንዲት መስመርም ይጠይቅ። ጯሂ ማሽን አንዴ ከገባ 20 እና 30 ዓመት ይጮኻል።

የሚቀርቡልን መከራከሪያዎች

ይህን ሐሳብ በጀማዓችን የሳምንት ውይይት ላይ ስናነሳ ሦስት ጥያቄዎች ቀርበውልን ነበር። ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው፦ «አገሪቱ ሥራ ነው የምትፈልገው፤ ፋብሪካዎች ላይ ጫና ብታበዙ ይዘጋሉ» የሚል ነው። የሥራን ዋጋ አናቃልልም። እኛን ያስተማሩን ብዙዎቹ ወላጆች በዚሁ ደመወዝ ነው ያስተማሩን። ነገር ግን ደመወዝ የጉልበት ዋጋ ነው እንጂ የጆሮ ዋጋ አይደለም። ጆሮውን ለመሸጥ የተዋዋለ ሠራተኛ አናውቅም። ስለ ሠራተኛ ደመወዝ በሐዲስ የተነገረውን ሁላችንም ሸምድደናል፤ ደመወዙን በጊዜው ከፍሎ አካሉን የወሰደበት አሠሪ ሐቁን ጨርሶ የከፈለ አይመስለንም።

ሁለተኛው፦ «ሠራተኞቹ ራሳቸው ለምደውታል፤ አያማርሩም» የሚል ነው። የለመደ የሚመስለው ሰው ብዙውን ጊዜ የተጎዳው ነው። ድምፁ የቀነሰለት ጆሮው ስለቀነሰ ነው። የማያማርረውም ምን እንደሚያጣ የነገረው ሰው ስለሌለና የጆሮ ጉዳት ደም ስለማይፈስበት ነው። ጣቱ የተቆረጠ ሰው በዚያው ቀን በአደጋ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መስማቱን በ15 ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ያጣ ሰው ግን የትኛው ቀን ላይ ይመዝገብ?

ሦስተኛው፦ «ቀደር ነው» የሚል ነው። በቀደር እናምናለን። ስለ ግመሏ የተነገረውን ሐዲስም እናውቃለን፤ ማሰርና መመካት አይጋጩም። አላህ የወሰነውን ሰው በትዕግሥት ይቀበላል። ሌላው ሰው በቸልተኝነት ያደረሰበትን ግን «ቀደር» ብሎ ለበዳዩ መሸፈኛ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ጉዳት መወገድ አለበት የሚለው የፊቅህ መርህም ለዚሁ ነው የተቀመጠው።

ሕጉም ቢሆን ከሠራተኛው ጎን ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ የሚያስፈልገውን እርምጃ እንዲወስድ፣ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ፣ በአደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንዳስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያስገድዳል። አዋጁ በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ሲል ድንገተኛ አደጋን ብቻ ሳይሆን በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ይጨምራል። ሕግ አለ። የጎደለው የሚለካ፣ የሚጽፍና «አልፈርምም» የሚል ሰው ነው።

ምን እናድርግ?

ከራሳችን እንጀምር። በግቢያችን ወርክሾፕ ግራይንደር ይዘን ብረት ስንቆርጥ መነጽር እናደርጋለን፤ ጆሯችንን ግን የሚያስታውሰን የለም። በራሱ ጆሮ የማይጠነቀቅ ተማሪ ነገ ለሠራተኛ ጆሮ ይጠነቀቃል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ወርክሾፕ የምትገቡ ወንድሞችና እህቶች፣ የጆሮ መከላከያ እንዲቀርብ በክፍል ተወካዮቻችሁ በኩል በጽሑፍ ጠይቁ፤ እኛ ጠይቀናል።

ከመካከላችን ቤተሰቡ ወፍጮ ቤት፣ እንጨት ቤት ወይም የብረት በር መሥሪያ ያለው አለ። እነዚህ ቤቶች ተቆጣጣሪ ብዙም አይደርስባቸውም። ለእረፍት ስትሄዱ ለወላጆቻችሁና አብረዋቸው ለሚሠሩት ልጆች መድፈኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ አደራረጉንም አሳዩአቸው። ዋጋው ብዙ አይደለም። ለቤተሰብ ከሚወሰድ ስጦታ ሁሉ ይህ የሚያንስ አይመስለንም።

ጀማዓችን ደግሞ ሁለት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የጤና ሳይንስ ተማሪዎቻችንና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቻችን አንድ ላይ ሆነው ስለ ጆሮ ጉዳት አጭር ማስረዣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና ሠራተኞቹ በሚናገሯቸው ሌሎች ቋንቋዎች ያዘጋጁ። ሁለተኛ፣ በከተማችን ያሉ መስጂዶች ኢማሞችን አነጋግረን፣ ከጁሙዓ በኋላ ለፋብሪካ ሠራተኞች ለ10 ደቂቃ እንድናስረዳ ይፈቀድልን። መስማት ለተሳናቸው ሰዎችም ኹጥባው የሚደርስበትን መንገድ አብረን እንምከር። መስጂድ ገብቶ ከኹጥባው ሳይካፈል የሚወጣ አባት በየሶፋችን ውስጥ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች በተወሰነ ደረጃ የመስማት ችግር እንዳለባቸው ገልጿል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ትልቅ ቁጥር ደግሞ ሰውን ያዝላል። እኛ የምንጠየቀው ግን ስለ ቢሊዮኖቹ አይደለም። ስለዚያች ቧንቧው ጋ ስለጠየቀችን እናት ነው። መስማትን ቁርኣን ከታላላቅ ኒዕማዎች መካከል ይቆጥረዋል፤ ሰው ስለሱ እንደሚጠየቅም ያስተምራል። የራሳችን ጆሮ አማና ከሆነ፣ በእኛ ፊርማ ሥር የሚውለው የሌላው ሰው ጆሮ እጥፍ አማና ነው።

ያ የመጀመሪያው ወረቀት ዛሬም ፋይሉ ውስጥ ነው። አራት ስም አለበት። ተቆጣጣሪ ቢመጣ የሚያሳዩት እሱን ነው። ለፋብሪካው በአድራሻው አንድ ደብዳቤ ጽፈን፣ የመጀመሪያው ልኬት ማሽኖቹ ቆመው ሳለ የተወሰደ መሆኑን በአራታችን ፊርማ ገልጸን ልከናል። መልስ አልመጣም። ያም ቢሆን ምስክርነታችንን መልሰናል፤ ተውበት ያለ ማስተካከያ አይሞላምና።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ለኢንተርንሺፕ የምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ መለኪያና ቅጽ ሲሰጧችሁ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ማሽኖቹ እየሠሩ ነው ወይስ ቆመዋል? ቆመው ከሆነ ጠብቁ። ሲነሱ ለኩ። ያያችሁትን ጻፉ። ከዚያ ፈርሙ።